ተመልሶ የመጣው የአርብ ደብዳቤ

በአንድ ነገር ላይ ማንም አይከራከረኝ። ኢሜይል ልካችሁ "አልደረሰም" ተብሎ ከተመለሰባችሁ፣ እንደገና ስትልኩት የድሮውን ቀን አትፋቁ፣ የድሮውን ቁጥር አትቀይሩ። ከላዩ ላይ "በድጋሚ ተልኳል" ብላችሁ አዲሱን ቀን ጨምሩበት፣ አለቀ። የኢሜይል ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎችም እንዲህ አድርገው ይሥሩት። ይህን ያህል አፌን ሞልቼ የምናገረው ትምህርት ቤት ስላስተማሩኝ አይደለም። ተምሬስ ነበር፤ ዲፕሎማዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያወቅሁት ግን በአንዲት አስተማሪ ላይ ጉድ ከሠራሁ በኋላ ነው።

ቢቸና ውስጥ በትምህርት ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የምጠራው እኔ፣ የኃላፊው ስልክ እምቢ ሲል የምጠራው እኔ፣ ኢሜይል የምልከውም የምቀበለውም እኔ። ቢሮዬ ከመዝገብ ቤቱ ጋር አንድ ክፍል ነው፤ በመሐላችን አንድ የፋይል መደርደሪያ ብቻ ቆሟል። ከመደርደሪያው ወዲያ ጋሼ ይቀመጣሉ። ስም አላቸው፣ ግን ከኃላፊው እስከ ዘበኛው ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ፣ ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን በሙሉ ወጪና ገቢ መዝገብ ላይ ያጎነበሱ ሰው ናቸው። ጡረታ ለመውጣት ትንሽ ነው የቀራቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ያ ሳጥንሽ ዛሬ ምን አለ?" ይሉኛል ጠዋት ጠዋት።

"ጋሼ ጡረታ ይውጡና ቦታው ለኔ ይለቀቅልኝ አለ" እላቸዋለሁ።

"መብራት ሲጠፋ የሚለውንም አብረሽ ንገሪኝ።"

እንዲህ ነን። በእሳቸው ዘንድ ግን አንድ የማይሻር ወግ አለ። ደብዳቤ ወጥቶ ሳይደርስ ከተመለሰ፣ አድራሻው ተሳስቶም ይሁን ተቀባዩ ጠፍቶ፣ አዲስ ቁጥር አይሰጡትም። ያንኑ ደብዳቤ፣ ያንኑ ቁጥርና ቀን እንደያዘ፣ ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ተመልሶ በድጋሚ የተላከ" ብለው የዕለቱን ቀን ጽፈው ይፈርሙበትና ይሰዱታል። የተመለሰበትን ፖስታ ደግሞ እኛ ዘንድ ከሚቀረው ግልባጭ ጋር በስፒል ያያይዙታል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር እስቅ ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ያደፈ ፖስታ ምን ያደርጋል? አዲስ አትመን ንጹሑን ብንልክላቸው ምን አለበት?"

"ደብዳቤው እኮ አዲስ አይደለም" ይሉኛል፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ለኔ ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌ ነው፣ ልማዱ ነው ብዬ እተወዋለሁ።

አስተማሪዋ ቢቸና ስታስተምር ዓመታት አልፈዋል። የተወለደችው ግን ሞጣ ነው፤ እናቷም እዚያው ናቸው። እናቲቱን ግማሽ ጎናቸውን ያዛቸውና አልጋ ላይ ቀሩ። ልጃቸው እሷ ብቻ ናት። እዚህ አምጥታ እንዳታስታምማቸው "ከቤቴስ አልወጣም" ብለዋል። የሚያገላብጧቸውና የሚያጎርሷቸው ጎረቤታቸው ናቸው። እኒህ ሴት በሞጣ ገበያ ልብስ የሚነግድ የሙስሊም ቤተሰብ እመቤት ሲሆኑ፣ ከእናቲቱ ጋር አጥር ለአጥር ኖረው እኅትማማች ሆነዋል። እሳቸው ደግሞ ከመስከረም ወዲያ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ተነሥተዋል። ከዚያ በኋላ ለእናቲቱ አንድ ብርጭቆ ውኃ የሚያቀብል ሰው የለም። አስተማሪዋ ይህን ስታወራኝ ድምጿ አይንቀጠቀጥም፤ አንዴ ተቀብላው የተቀመጠች ሴት ናት።

በዚያ ክረምት ሞጣ ውስጥ በምታስተምረው ትምህርት አንድ ክፍት ቦታ ተገኘ። የዝውውር ጥያቄዋ ከእኛ የድጋፍ ደብዳቤ ጋር እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት መላክ አለበት ተባለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደብዳቤውን ይዛ በራሷ ትሄድ ነበር። ያን ሰሞን ግን መኪና አንድ ቀን ይሄዳል፣ ሁለት ቀን ይቀራል። ስለዚህ የሞጣው የዝውውር ኮሚቴ በኢሜይል የመጣውንም እቀበላለሁ አለ፤ የሚታየው የተላከበት ሰዓት ነው።

አርብ ደብዳቤው ተፈረመ፣ ጋሼ ቁጥር ሰጡት፣ እኔ ስካን አድርጌ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ላክሁት። አስተማሪዋ ከጀርባዬ ቆማ ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

"ሄደ?" አለችኝ።

"ሄደ! አሁን ሞጣ ገብቷል" አልኳት። እኔ እንደሆነ አፌ አይከብደኝም።

ትከሻዬን ሳመችኝ። እሷን ሸኝቼ፣ ኮምፒውተሬን ዘግቼ፣ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ጉዴ ፈላ። ከላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ተቀምጧል፦ የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል፣ መልእክትዎ አልደረሰም። የመጣው አርብ እኔ በሩን ዘግቼ በወጣሁበት ደቂቃ ገደማ ነው። አፈር በበላሁ! አምስት ደቂቃ ቁጭ ብል ኖሮ አየው ነበር።

አሁን የሠራሁትን ሥራ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ፕሮግራሙ ውስጥ ተመላሹን እንዳለ መልሶ የሚልክ መንገድ ነበር። አልወደድኩትም። ሞጣ ያሉት የማከብራቸው ሰዎች ናቸው፤ "አልደረሰም፣ ተመለሰ" የሚል የእንግሊዝኛ ዝባዝንኬ የተለጠፈበትን ነገር እንዴት ልላክላቸው? "ሳጥናችሁ ሞልቷል" ማለቱ ደግሞ ቤታችሁ አልተጠረገም እንደማለት ሆነብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ አዲስ ንጹሕ ኢሜይል ከፈትኩ፣ የአርቡን ቃል በቃል ገለበጥኩ፣ ስካኑን አያያዝኩ፣ ላክሁ። ገባ። ከዚያ ያን ተመላሽ ማንም ሳያየው ደመሰስኩት። ለአስተማሪዋም ለጋሼም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር? አርብ ዕለት "ሞጣ ገብቷል" ብያለሁ!

ሐሙስ አስተማሪዋ መጣች። ሌላ ጊዜ ከበሩ ጀምራ ሰላምታዋን የምታወርድ ሴት፣ ያን ቀን ከሰላምታ በፊት ስልኳን ዘረጋችልኝ። ሞጣ የተለጠፈውን ዝርዝር ሰው ፎቶ አንሥቶ ልኮላት ነው። በስሟ ትይዩ "ቀኑ ካለፈ በኋላ የተላከ" ይላል።

"እትዬ፣ አርብ አይደል የላኩልኝ?"

"አርብ ነው እንጂ!"

"ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?"

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ ልማዴ ግን የራሴን ንዴት በሌላ ሰው ላይ ለመወጣት ስልክ አነሣሁና ሞጣ ደወልኩ። የኮሚቴው ጸሐፊ አነሣው።

"እናንተ ሰዎች ቀን መቁጠር አቃታችሁ?" አልኩት፣ እንደምን ዋልክም ሳልል።

"እኅቴ" አለኝ ረጋ ብሎ፣ "ኢሜይሉ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው የሚለው። ደብዳቤው ላይ ያለውን የአርብ ቀንማ ማንም ይጽፈዋል። ቅሬታ ካላችሁ እስከ ማክሰኞ ማስረጃ ይዛችሁ ቅረቡ።"

ስልኩን አስቀመጥኩ። ሰውዬው ትክክል ነው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። አስተማሪዋን "እስከ ማክሰኞ አንድ ነገር አደርጋለሁ፣ ሂጂ አንቺ" ብዬ ሰደድኳት። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም።

ከመደርደሪያው ወዲያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ተመላሹን ወዲህ በይው።"

"የቱን ተመላሽ?"

"አንቺ ልጅ፣ ሰኞ ዕለት ፊትሽን አይቼዋለሁ እኮ።"

ለካ ሰውዬው በመደርደሪያው ክፍተት ሁሉን ያያሉ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ መመለሱን፣ ይሉኝታዬን፣ አዲስ አስመስዬ መላኬን።

"ተመላሹስ?"

"ደመሰስኩት፣ ጋሼ።"

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ተነሥተው ከላይኛው መደርደሪያ አንድ የቆየ ፋይል አወረዱና ከፈቱልኝ። ውስጡ በቀይ የተጻፈበት ደብዳቤ፣ ከኋላው ጠርዙ የተበላ ፖስታ።

"ቀኑ አለፈ ተብሎ ሊሰረዝ የነበረውን የዚህን ሰውዬ ቅጥር ያተረፈው ደብዳቤው እንዳይመስልሽ" አሉኝ። "ደብዳቤውን የጻፍነው እኛው ነን፤ ለራሳችን ብንመሰክር ማን ያምነናል? ያተረፈው ይሄ ፖስታ ነው። የመለሰው መሥሪያ ቤት ማኅተም አለበታ!"

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የተደመሰሰ ኢሜይል ወዲያው አይጠፋም፤ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ገብቶ እስከ ሠላሳ ቀን ይቆያል። ይህን ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ድንጋጤ ግን ከራሴ አስወጥቶት ነበር። ቅርጫቱን ከፈትኩ። አለ! "እሰይ!" ብዬ ስጮህ ዘበኛው ምን መጣ ብሎ ከበሩ ሮጦ ገባ።

እንግዲህ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእያንዳንዱ ኢሜይል አናት ላይ ተራ አንባቢ የማያየው ብዙ መስመር አለ። ሄደር ይሉታል፤ እኔ ራስጌ እለዋለሁ። ማን ላከው፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት ተነሣ፣ በየት በየት አለፈ፣ መለያ ቁጥሩ ስንት ነው፤ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። በተመላሹ ሆድ ውስጥ የአርቡ ኢሜይል ራስጌ አንድ መስመር ሳይጎድል ተቀምጧል። ከእሱ በላይ የሞጣው ሳጥን "አልቀበልም" ያለበት ሰዓት አለ፦ አርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ። ልብ በሉ፣ ይህን የሚለው የእኔ ኮምፒውተር ብቻ አይደለም፤ የመለሰን የእነሱ ሳጥን ነው፣ ቃሉም እዚያው አለ። እኔ ለአክብሮት ብዬ የገዛ ምስክሬን ቆሻሻ ውስጥ ጥዬው ነበር።

የሰኞው ኢሜይሌስ? አዲስ ቀን፣ አዲስ መለያ ቁጥር፣ ስለ አርብ አንዲት ቃል የለበትም። ማሽኑ ምን ያድርግ? አዲስ ነው አልኩት፣ አዲስ ነው ብሎ ጻፈ።

በራሴ ተናድጄ ሳበቃ በፕሮግራም ሠሪዎቹ ተናደድኩ፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ተመልሶ የመጣ መልእክት ሲከፈት "እንደገና ላክ" የሚለው ነገር ፊት ለፊት መምጣት አለበት እንጂ ሦስት ዝርዝር ሥር መደበቅ የለበትም። ሰው እሱን ሲነካ ፕሮግራሙ የቀድሞውን ቀን፣ የቀድሞውን ላኪ፣ የቀድሞውን መለያ ቁጥር እንዳለ ይተወው። ከላዩ ላይ ዳግመኛ የተላከበትን ቀን፣ የላከውን ሰውና የዳግም መላኪያውን ቁጥር ይጨምር፤ ይጨምር እንጂ አይተካ። ለሦስት ሰው ተልኮ ለአንዱ ብቻ ካልደረሰ፣ ለዚያው ለአንዱ ይላክ፤ የደረሳቸውን ሰዎች ሁለተኛ አያደናግር። ይህ ደግሞ ከራሴ የፈጠርኩት አይደለም፤ እነዚህ መስመሮች በኢሜይል ደንብ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ ስም ወጥቶላቸው ተቀምጠዋል። የሚጠቀምባቸው ጠፋ እንጂ! ኮምፒውተር ማብራት የማይችሉት ጋሼ ይህን ሁሉ በአንድ ቀይ እስክሪብቶ ይሠሩታል። ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ይህንኑ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ፤ መልስ የላቸውም።

ተመላሹን ከነራስጌው አተምኩት። ቀኑና ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ለሞጣዎቹ እንዳያደናግር ፈርቼ "ጋሼ፣ ፈረንጅኛውን ላጥፋና በእኛ ልጻፈው?" አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ አሁንም አልገባሽም? አትንኪው!" አሉና በቀይ እስክሪብቷቸው ከዳሩ ላይ የእኛን ቀንና ሰዓት ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም አደረጉበት። ከሥሩ ያለውን አንዲት ፊደል አልነኩም።

ሰኞ መኪና ተገኘና ከአስተማሪዋ ጋር ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳሰላስል ግንደወይን ደረስን። ሰው እየወረደ ሳለ፣ መኪናው ቆሞ፣ ነገርኳት። ይቅርታ በይኝ አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ያን ዕለት ሰኞውን ቢነግሩኝ ኖሮ በእግሬም ቢሆን እሄድ ነበር" አለችኝ።

መኪናው ተነሣና ወደ ሞጣ ቀጠልን።

የኮሚቴው ጸሐፊ በስልክ የሰደብኩት ሰው መሆኑን ሳላስበው ቀርቼ፣ በአካል ሳየው አፈርኩ። ረጋ ያለ ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ሰጠን፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ይህ አርብ በሰዓቱ የተላከ መሆኑን አየሁ" አለ። "ሳጥናችን ሞልቶ እንደነበረም አውቃለሁ። ግን ሰኞ የደረሰን ይሄው ራሱ ለመሆኑ በምን አውቃለሁ? መለያ ቁጥራቸው ለየቅል ነው። አርብ ሌላ ነገር ልካችሁ ይሆናል፤ ይህ ወረቀት ራስጌውን እንጂ ደብዳቤውን አያሳየኝም።"

ሰውዬው ተመቸኝ! ይህን የመሰለ ሰው እኛ ቢሮ ቢኖር ብዬ በልቤ እስከማድነቅ ደረስኩ። ያለው ሁሉ ልክ ነው። የአርቡንና የሰኞውን የሚያገናኝ መስመር በራስጌው ላይ ቢኖር ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ። እኔ ነኝ የበጠስኩት። አሁን ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፣ እሱም የእኔ ቃል ነው።

"ለየቅል ያደረግኋቸው እኔ ነኝ" አልኩት።

"በጽሑፍ ይስጡኛ። ግልባጩ ግን ለመሥሪያ ቤትዎ እንደሚደርስ ይወቁት።"

ይህ ማለት የግል ፋይሌ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። እዚያ ፋይል ውስጥ እስከዚያ ቀን ድረስ ምስጋና እንጂ ሌላ ነገር ገብቶ አያውቅም። አስተማሪዋን አየኋት፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። እስክሪብቶ ተቀበልኩና ጻፍኩ፦ "አርብ ዕለት የተመለሰብኝን ኢሜይል ደብቄ፣ ያንኑ ደብዳቤ ሰኞ አዲስ አስመስዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አመልካቿ አንዳች አላጠፋችም።" ስሜን ከነማዕረጌ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። አንዲት ቃል አልሰረዝኩም፤ በዚህስ ራሴን አመሰግነዋለሁ።

ጸሐፊው ወረቀቶቹን ይዞ ኮሚቴው ወዳለበት ክፍል ገባ። እኛ በረንዳው ላይ ቆየን። አስተማሪዋ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጸሐፊው ወጣ።

"ጥያቄዎ በአርቡ ቀን ተይዞልዎታል" አላት። "ቦታው የእርስዎ ነው።"

እዚያው በረንዳ ላይ ዝርግፍ ብላ አለቀሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ድምጿ ያልተንቀጠቀጠው ሴት፣ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ምን አሳፈረኝ!

ያች የጻፍኳት ወረቀት ግልባጯ ቢቸና ስትደርስ ጋሼ ራሳቸው ገቢ ቁጥር ሰጥተው ፋይሌ ውስጥ አስቀመጧት። ዛሬም እዚያው ናት፣ አላፍርባትም። ተመላሽ ሲመጣብኝም እንደ እሳቸው ነው የምሠራው። አትሜ አያይዘዋለሁ፣ ስልክም ደውዬ ለባለጉዳዩ ያኔውኑ እነግራለሁ።

ያን ዕለት ግን ከኮሚቴው ወጥተን በቀጥታ የሄድነው ወደ እናቲቱ ቤት ነው። ጎረቤቲቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አጥሚት በማንኪያ እየሰጧቸው ነበር። እኛን ሲያዩ ማንኪያውን አስቀምጠው "ኧረ እንኳን ደኅና መጣሽ፣ ልጄ!" እያሉ አስተማሪዋን አገላብጠው ሳሟት፣ ቦታውንም ለቀቁላት። እናቲቱ ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል፤ ቃል የሚወጣቸው በመከራ ነው። ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት።

"ዘገየሽ" አሏት።

የምገባበት ጠፋኝ። ያ ቃል የእኔ ነበር፤ ልጅቱ ላይ ያረፈው በእኔ ምክንያት ነው። በሩን ተደግፌ ቀረሁ፣ መውጣትም መግባትም አቃተኝ። አስተማሪዋ ተንበርክካ የማይንቀሳቀሰውን እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ዞር ብላ አንድ ጊዜ እኔን አየችኝና ወደ እናቷ ተመለሰች።

"አልዘገየሁም፣ እማዬ" አለቻቸው። "የተነሣሁት አርብ ነው። መንገድ ላይ መልሰውኝ ነው።"